በኦቨርኝ ኮረብቶች በብስክሌት

እሱ፦ ፈረንሳይና ብስክሌት ሲባል ሁሉም ሰው ቱር ደ ፍራንስን ያስባል። አንቺ ግን ጸጥ ያለውን መንገድ መርጠሻል።

እሷ፦ አዎ፣ ኦቨርኝን። ከክሌርሞን ፌራን በስተምዕራብ 80 ያህል የተኙ እሳተ ገሞራዎች ተደርድረዋል። ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

እሱ፦ በ1964 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ ብስክሌተኞቹ አንክቲልና ፑሊዶር ትከሻ ለትከሻ የተፋለሙበት የፒዊ ደ ዶም ተራራም እዚያው ነው። ጫፉ ድረስ በብስክሌት ይወጣል?

እሷ፦ አሁን መንገዱን የተራራ ባቡር ይዞታል። እኔን አይቆጨኝም፤ ውበቱ ያለው ከታች ነው። የሚሽላን ካርታ ላይ በነጭ የተሳሉትን ጠባብ መንገዶች ተከተል፤ ቀያዮቹን ለመኪና ተውላቸው።

እሱ፦ ዳገቱስ?

እሷ፦ እሱማ አለ! ግን አስተውል፤ ወደ ደቡብ ስትወርድ የምታገኘው ካንታል በአንድ ወቅት ግዙፍ እሳተ ገሞራ ነበር። በረዶና ወንዝ ቦርቡረውት፣ ሸለቆዎቹ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ከመሃል ወደ ዳር ተዘርግተዋል። ስለዚህ አንዱን ሸለቆ ይዘህ ከተጓዝክ መንገዱ ይራራልሃል። ወደ ጎረቤቱ ልሻገር ስትል ነው እግርህ የሚፈተነው።

እሱ፦ ትልቁ ፈተና የቱ ነው?

እሷ፦ እዚያው ካንታል ያለው የፓ ደ ፔይሮል የተራራ መተላለፊያ፤ ከፍታው ወደ 1,590 ሜትር ይጠጋል። የመጨረሻው ዳገት ያለ ርኅራኄ ቀጥ ያለ ነው። ክረምት በረዶ ስለሚዘጋው በበጋ፣ ያውም በማለዳ ሂድ። በዚያ ሰዓት መንገዱን የምትጋራው ከቀያዮቹ የሳሌር ላሞች ጋር ነው።