ከጓዳ ያለው ልጅም የኛው ነው
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እኛ በዚህ በሚዛን ተፈሪ ከቤት ወደ ቤት እየዞርን የምንሠራ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነን። ከናንተው ጋር ድንኳን ስንተክልና ንፍሮ ስንቀቅል የኖርን አባላት ስለሆንን፣ ዛሬ የምንናገረውን እንደ እንግዳ ንግግር እንዳትሰሙብን አደራ እንላለን።

እንደሚታወቀው በየቤቱ የሚዞር ነርስ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታሪያኖች ጎን ለጎን ኮሚዩኒቲ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል። ክትባቱን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ አጎበሩንና መጸዳጃ ቤቱን ስንከታተል ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን የማይናገረውን፣ የማይራመደውን፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይለውን ልጅ ለብዙ ጊዜ አላየነውም። ልጁ ጠፍቶ ሳይሆን፣ እኛ ስለ እርሱ ስላልጠየቅን ነው።

አንድ ነገር እንንገራችሁ። ቡና በሚለቀምበት ወራት ሕፃን ለማስከተብ አንዲት እናት ቤት ገባን። «ስንት ልጆች አሉሽ?» ብንላት «ሁለት» አለችን። ወዲያው ከጓዳ ድምፅ ሰማን። «ጥጃ ነው» አለች። ጥጃው ግን ደጅ ታስሮ አይተነዋል። ገባ ብንል ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወገቡ በነጠላ ቁራጭ ከምሰሶው ጋር ታስሮ ተቀምጧል።

ከመካከላችን አንዷ ተቆጣች። «እንዴት ልጅሽን እንደ ከብት ታስሪያለሽ?» አለቻት። እናቲቱም እንዲህ አለች፦ «ለቀማ ስሄድ ማን ይይዝልኛል? አንድ ቀን ፈትቼው ወንዝ ዳር ነው ያገኘሁት። እናንተ ትይዙልኛላችሁ?» ታዲያ ምን እንመልስ? ዝም አልን።

ከዚያም የበለጠ የሚያሳፍረንን ነገረችን። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሆነው አሳይታው ኖሯል። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ ጠብቂ» ብሎ የመለሳት ከኛው መካከል አንዱ ነው። ልጁ በዕድራችን የቤተሰብ መዝገብ ላይም አልተጻፈም። «ቢሞትብኝ በሌሊት እቀብረው ነበር» አለችን። እስቲ አስቡት! ቀባሪ እንዳይጠፋ ብለን ዕድር አቋቁመን ሳለ፣ ከጎናችን አንዲት እናት ልጇን ብቻዋን ልትቀብር ታስብ ነበር።

ይህ እክል ከምን ይመጣል? አንዳንዱ በወሊድ ጊዜ ሕፃኑ አየር ሲያጥረው ይመጣል። አንዳንዱ ከከባድ ወባ ወይም ከማጅራት ገትር በኋላ ይከተላል። ነፍሰ ጡር ሳለች እናቲቱ አዮዲን ካጠራትም የልጁ አእምሮ ይጎዳል፤ አዮዲን ያለበት ጨው ግዙ ብለን የምንጨቀጭቃችሁ ስለዚህ ነው። ኦቲዝም የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሲፈጠር ጀምሮ አብሮት ያለ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት ከ127 ሰዎች 1 ያህሉ ኦቲዝም አለበት። እርግማን አይደለም፤ የእናት ኃጢአትም አይደለም፤ ከልጅ ወደ ልጅም አይተላለፍም።

ስለሆነም እናቶች ይህን ልብ በሉ። ልጅ በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ ካልተቀመጠ፣ በዓመቱ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በ18 ወሩ ካልተራመደ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል አያይዞ ካልተናገረ አሳዩን። ይናገር የነበረ ልጅ ንግግሩን ከተወ ደግሞ አንድ ቀን አትደሩ። «ጠብቂ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ እኛም ብንሆን፣ ደግማችሁ ጠይቁ።

የሚጥል በሽታ አብሮት ያለ ልጅም ብዙ ነው። ሲጥለው ክብሪት አታሽትቱት፤ በአፉ ማንኪያ አትክተቱ። በጎኑ አስተኝታችሁ፣ ከእሳትና ከድንጋይ አርቃችሁ ጠብቁት። መድኃኒት ከተሰጠው በየቀኑ ይዋጥ፤ በድንገት አይቋረጥ። ጸበል የሚወስድ ይውሰድ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ መድኃኒቱ ግን አይቅር።

ለኦቲዝም የሚያድን ክኒን የለም፤ ያለው ትምህርትና ትዕግሥት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ነበረበትና እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስም ልጆች ከየጓዳው እንዲወጡ ሲጮኹ ኖረዋል። አዲስ አበባ ግን ከኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የወላጆች ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ብቻ ነው። በአገራችንም ተሞክሯል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ መጫወት፣ በአጭር ቃል መናገር፣ ሥራን ከፋፍሎ ማሳየት፣ ትንሽ ሲሞክር ማመስገን። ይኼ ደግሞ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ እንኳ ሊሠራ የሚችል ነው።

ያ ልጅ ዛሬ የት ደረሰ? እውነቱን እንናገር፤ አሁንም አይናገርም። ነገር ግን ጎረቤቶቹ አጥሩን አጠበቁለት፤ ሁለት እናቶች በለቀማ ቀን ተራ ገብተው ይይዙታል። ውኃ ሲጠማው የእናቱን እጅ ይዞ ወደ እንስራው ይወስዳታል። ነጠላው ከምሰሶው ተፈትቷል። ይህን ያደረገው ሐኪም ሳይሆን ጎረቤት ነው።

በመጨረሻም ለዕድራችን ሦስት ልመና አለን። አንደኛ፣ የቤተሰብ መዝገባችን ዘንድሮ ሲታደስ እያንዳንዱ ልጅ ይጻፍ፤ ያልተጻፈው አይቀርብን። ሁለተኛ፣ እንደ ቀብር ተራ ሁሉ በለቀማ ወራት የልጅ መያዣ ተራ ይውጣ። ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ወዳለበት ቤት ቡና ጠጡ፤ ልጁንም በስሙ ጥሩት።

ለሞተ ሰው ሦስት ቀን የምንቀመጥ ሰዎች፣ በሕይወት ላለ ልጅ ግማሽ ቀን አናጣም።