የወንዝ ውሃና የሒሳብ መዝገብ
ስለ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የዘላቂነት ዕቅድ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በተባበሩት መንግሥታት የተቋቋመው የብሩንትላንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ሪፖርቱን ካወጣ ወዲህ «ዘላቂነት» የሚለው ቃል ያልተነሣበት ጉባኤ የለም ማለት ይቻላል። ለሒሳብ ሙያም ቢሆን ነገሩ ከእንግዲህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የዓለም አቀፉ የዘላቂነት ስታንዳርዶች ቦርድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ሁለት ስታንዳርዶችን አውጥቷል፤ አንደኛው አጠቃላይ የዘላቂነት መረጃን፣ ሁለተኛው የአየር ንብረትን የሚመለከት ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰነዶች ሲጻፉ በዋነኛነት የታሰበው ከካፒታል ገበያ ገንዘብ የሚያሰባስበው ትልቅ ኩባንያ እንጂ፣ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ በትርፍ ሰዓቱ መዝገቡን የሚይዝለት የገጠር ድርጅት አይደለም። ከዚህም የተነሣ ገዢ ወይም አበዳሪ «የዘላቂነት ዕቅዳችሁን አምጡ» ባለ ጊዜ፣ የትንሹ ድርጅት ባለቤት ከሌላ የተገለበጠ፣ ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሣለበት ጥራዝ ይዞ ይቀርባል። ጥራዙም ከቀረበ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ዕቅድ ተብሎ ሊጠራ የማይገባው ይኸው ነው።

ለመሆኑ እውነተኛው ዕቅድ ከየት ይጀምራል? ለምሳሌ ያህል አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያ ይታሰብ። በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጅማ ወይም በኢሉባቦር በየወንዙ ዳር የሚገኝ፣ ሥራው በዓመት ከሦስትና ከአራት ወር የማይበልጥ፣ ቋሚ ሠራተኞቹ ጥቂት፣ የወቅት ሠራተኞቹ ግን ብዙ የሆኑ ድርጅት ነው። ጣቢያው በአንድ ወቅት 500,000 ኪሎ ግራም እሸት ይረከባል እንበል። ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም ከሚሆን እሸት 1 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ቡና ስለሚገኝ፣ ወደ ገበያ የሚሄደው ከ83,000 እስከ 100,000 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። በመዝገቡ ላይ የእሸቱ ግዢ አለ፤ የደረቁ ቡና ሽያጭ አለ። የቀረው ክብደት ግን የት እንደ ገባ አንድም ሒሳብ አይናገርም። ይህን ወንዙና ከወንዙ በታች ያለው መንደር ያውቁታል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ውሃ ነውና በእርሱ ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ይሆናል። እሸቱ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ለዚህም ውሃ ያስፈልጋል። ከተፈለፈለ በኋላ ፍሬው ላይ የተጣበቀው ልጋግ እስኪላቀቅ ድረስ በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ ቀጥሎም በቦይ እየታሸ ይታጠባል። ውሃውን መልሶ የመጠቀም ልማድ በሌለበት ጣቢያ፣ ለ1 ኪሎ ግራም ደረቅ ቡና ብዙ አሥር ሊትሮች ይፈስሳሉ። የሚወጣውም ውሃ በስኳርና በልጋግ የተሞላ ሲሆን፣ ሲብላላ ይኮመጥጣል፤ የፒኤች መጠኑም ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። ወንዝ በገባ ጊዜ ረቂቃን ተሕዋስያን ስኳሩን ሲያብላሉ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣውና በውሃው የሚኖረው ነፍሳት ይሞታል፤ ውሃው ይጠቁራል፤ ይገማል። የቡናው ወቅት ደግሞ ዝናቡ የሚያበቃበት፣ ወንዙም የሚቀንስበት ወቅት በመሆኑ ጉዳቱ ይበረታል። ከታች ከብት የሚያጠጣው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ አንዳንዱም የሚጠጣው ሰው፣ እሸቱን ለዚያው ጣቢያ የሸጠው ገበሬ ጎረቤት ነው፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ገበሬው ነው።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ሆኖም ብዙ ባለቤቶች ይህን የሚያዩት እንደ ቅጣት ሥጋት ብቻ ነው፤ የሒሳብ ባለሙያው ሊያሳያቸው የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ውሃው ራሱ ዋጋ የለውም ተብሎ በመዝገብ አይገባም፤ ውሃውን ከወንዝ የሚስበው ሞተር ግን ናፍጣ ይጠጣል። «ነዳጅና ቅባት» በሚለው ሒሳብ ውስጥ የመፈልፈያው፣ የፓምፑና የመኪናው ናፍጣ ተደባልቆ ስለሚመዘገብ የውሃው ዋጋ ተሰውሮ ይቀራል። ሒሳቡን በሦስት መክፈል ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ በፓምፑ መስመር ላይ የውሃ ቆጣሪ መትከልም ከባድ ወጪ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ከተደረጉ፣ በአንድ ወቅት ውስጥ በኪሎ ግራም ቡና ስንት ሊትር ውሃና ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚወጣ ይታወቃል።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የመሣሪያ ምርጫ ይመጣል። ልጋጉን በመካኒካዊ መንገድ የሚያስወግዱት ዘመናዊ መፈልፈያዎች የውሃውን ፍጆታ በብዙ እጥፍ ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ዋጋቸው ለትንሽ ባለሀብት የሚቀመስ አይደለም፤ መለዋወጫቸውም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ስለዚህ ባለቤቱን «አዲስ ማሽን ግዛ» ብሎ መሸኘት ምክር አይባልም። አሮጌውን የዲስክ መፈልፈያ ይዞም የመፈልፈያውን ውሃ በማጣሪያ አሳልፎ በዕለቱ መልሶ መጠቀም፣ ገለፈቱን ከውሃው ቶሎ መለየት፣ የተረፈውንም በተከታታይ ጉድጓዶች አሳልፎ ቬቲቨር ሣር ወደ ተተከለበት መሬት መልቀቅ ይቻላል። ቬቲቨር በኢሉባቦር አካባቢ ለአፈር ጥበቃ የታወቀ ስለሆነ ችግኙ ከሩቅ አይመጣም። ጉድጓድ ብቻ ቆፍሮ «ተጣርቷል» ማለት ግን ራስን ማታለል ነው፤ የሞላ ጉድጓድ በአንድ ሌሊት ዝናብ ይገነፍላል፣ በአሸዋማ መሬት የተቆፈረም ወደ ምንጭ ይሰርጋል።

የገለፈቱ ነገር ከውሃው ይቀላል። ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ገለፈት ስለሆነ፣ በተጠቀሰው ጣቢያ 200 ቶን ገደማ ይከመራል ማለት ነው። በፖታሲየም የበለጸገ በመሆኑ ከፍግ ጋር ተደባልቆ እየተገላበጠ ጥቂት ወራት ቢቆይ ጥሩ ብስባሽ ይሆናል። ገበሬው ግን እርጥቡን ገለፈት አይወስድም፤ ከባድ ነው፣ ይሸታል። እሸት ያራገፈው መኪና ወደ መረከቢያው ጣቢያ ባዶውን ስለሚመለስ፣ ያለፈው ዓመት ብስባሽ በዚያ ቢጫን የማጓጓዣው ተጨማሪ ወጪ እምብዛም ነው። ይህን የሚያየው ደግሞ የጉዞ ሰነዱን የሚመዘግበው ሒሳብ ሠራተኛ ነው።

ከጣቢያው ውጭ የመጣ አንድ ግዴታም አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115 መሠረት፣ ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት ያልተገኘ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ የማሳውም መገኛ ይጠየቃል። የደንቡ ተፈጻሚነት ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ይሁን እንጂ መራዘሙን እንደ መሰረዝ የቆጠረ አቅራቢ ይጎዳል። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃል፤ የእኛ ገበሬ ማሳ በአብዛኛው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ይሁንና ነጥቡ ከእያንዳንዱ የርክክብ ደረሰኝ ጋር ካልተያያዘ ጥቅም የለውም። የገበሬው ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የሚገኝበት የርክክብ መዝገብ የትኛውንም መርማሪ አያሳምንም። የገዢው ጥያቄ በመጨረሻ የሚያርፈው በመዝገብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ ለየገበሬው ቋሚ መለያ ቁጥር መስጠት ከመገኛ ነጥቡ መቅደም አለበት።

የሠራተኛው ጉዳይም ከዕቅዱ ውጭ አይደለም። በአልጋ ላይ የሚደርቀውን ቡና ቀኑን ሙሉ የሚለቅሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የቀን ሒሳባቸው በወቅቱ ካልተከፈለ በማግስቱ ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ያልተለቀመው ቡና ደረጃው ይወርዳል።

የገንዘቡን ምንጭ በተመለከተ፣ ጣቢያው የሚንቀሳቀሰው በወቅት ብድር ነው፤ ብድሩም ለእሸት መግዣ እንጂ ለጉድጓድ አይሰጥም። ስለሆነም ለማጣሪያው የሚሆነው ገንዘብ ቡናው ተሸጦ ዕዳው ከተከፈለ በኋላ፣ ትርፉ ለባለቤቶች ከመከፋፈሉ በፊት መነሣት ይኖርበታል። ይህ ውሳኔ በጽሑፍ ካልሰፈረ ገንዘቡ ለሌላ ይውላል። ጉድጓዱ የሚቆፈረው መሬቱ ደረቅ ሳለ ነው። ቬቲቨሩ በሰኔ ዝናብ ይተከላል። የገበሬዎቹ መለያ ቁጥር በክረምቱ ይዘጋጃል፤ ቆጣሪውም የመጀመሪያው እሸት ከመድረሱ በፊት፣ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ በፓምፑ መስመር ላይ ይገጠማል።