የበዓሉ ማግስት

(ጎንደር ከተማ፣ በግቢ ጉባኤ ተመራቂዎች የምረቃ መርሐ ግብር ላይ በተጋባዥ እንግዳ የተደረገ ንግግር)





ውድ ተመራቂዎች፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችሁ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ዓላማው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አሠልጥኖ ሐኪም ወዳልደረሰበት ገጠር መላክ ነበር። እኔም ከዚያው ግቢ የወጣሁ የጤና ባለሙያ ነኝ። መንፈሳዊውን ትምህርት ደግሞ እናንተ በተማራችሁበት በዚህ ጉባኤ፣ ማታ ማታና በሰንበት ተምሬዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው እንደ እንግዳ አይደለም፤ እንደ ታላቅ ወንድማችሁ ቁጠሩኝ።

ስለ ግቢ ጉባኤ ሲነሣ ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው በዓሉ ነው። የመስቀል ደመራ፣ የጥምቀት ዝማሬ፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ መዘምራን፣ ጢም ብሎ የሞላ አዳራሽ። እኔም እወደዋለሁ። ዛሬ ግን ልመሰክርለት የመጣሁት በዓሉ ካለፈ በኋላ በሚመጣው ተራ ሳምንት፣ ማንም ፎቶ በማያነሣበት ጊዜ ስለሚሠራው ሥራ ነው። እናንተን እስከዚህ ቀን ያደረሳችሁ በአብዛኛው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ካሌንደር በዚህ ዘመን እንዴት እንደሚዋልል አይታችኋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ ታላላቆቻችሁ ሰሙነ ሕማማትን ከጉባኤው ተለይተው በየቤታቸው አሳለፉ። ከዚያ ወዲህ ጦርነት መጣ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ፤ ሪሚዲያል መጣ፤ የመውጫ ፈተና መጣ። አንዱ ባች በአንድ ወር ሲጠራ ሌላው በሌላ ወር ይጠራል። በዚህ ሁሉ መሃል ያልተናጋው የቤተ ክርስቲያን ዘመን ነው። ጽጌ መስከረም 26 ይገባል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይጀመራል። የሚዘዋወረው ትንሣኤ እንኳ ከመጋቢት 26 ቀድሞ ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም። ሬጅስትራር መቼ እንደሚጠራው የማያውቅ ተማሪ፣ ነገ ጾም ይሁን ፍስክ፣ ከነገ ወዲያ የማን በዓል እንደሆነ ግን ያውቃል። ከቤቱ ርቆ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ራሱን ለሚያስተዳድር ልጅ ይህ ትልቅ ምርኩዝ ነው።

አዲስ ተማሪ ሲመጣ ምን እንደምታደርጉ ወላጆቻችሁ ይስሙት። መናኸሪያ ወርዳችሁ ትቀበሉታላችሁ፤ እናቱ በሶና ቆሎ የሞላችበትን ሻንጣ ትሸከሙለታላችሁ፤ የጎንደር ብርድ እንዳይቀልድበት ብርድ ልብስ መያዙን ትጠይቁታላችሁ። ከዚያ ደማቅ የአቀባበል ጉባኤ ይደረጋል። በዚያ ቀን አዳራሹ ይሞላል፤ ቆሞ የሚሰማም አይጠፋም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ወንበሩ ይሳሳል። አገልግሎቱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

የአባላት ክፍል የሚይዘውን መዝገብ ባለፈው ዓመት አሳይታችሁኝ ነበር። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ በእስክሪብቶ የተሰመረ። ስም፣ የክርስትና ስም፣ ትምህርት ክፍል፣ የብሎክ ቁጥር፣ የዶርም ቁጥር፣ የመጣበት አገር፣ በመጨረሻ ደግሞ "ንስሐ አባት" የሚል ዓምድ። ከላይ እስከ ታች በዚያ ዓምድ ላይ የተጻፈው በአብዛኛው "የለውም" ወይም "የላትም" የሚል ነው። አልፎ አልፎ በሌላ ቀለም ተሰርዞ የአንድ አባት ስም ተተክቶበታል። እያንዳንዷ ስርዝ ከኋላዋ ስንት መመላለስ እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ሰው ሄዶ የዶርም በር አንኳኩቶ፣ "ምነው ጠፋህ?" ብሎ፣ ሻይ ጋብዞ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ተመልሶ ነው።

አንዲት ዛሬ የምትመረቅ እህታችን አንደኛ ዓመት ሳለች ሁለት እሑድ ቀረች። ሦስተኛው ሳይደርስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የነበረች እህት ዶርሟ ሄደች። የዶርሙ ልጆች ለእረፍት ወደየቤታቸው ሄደው እሷ ብቻዋን ትኩሳት ይዟት ተኝታ ነበር፤ ውኃ እንኳ የሚያቀብላት አልነበረም። ወደ ክሊኒክ ወሰደቻት፤ ታይፎይድ ነበር። በሙያዬ ብዙ ዘግይተው የደረሱ ሕሙማን አይቻለሁና የዚያች እህት መምጣት ምን ማለት እንደነበር ልነግራችሁ እችላለሁ። ስብከት አልሰበከችም፤ መዝሙርም አልዘመረችም፤ የቀረ ሰው ስለመኖሩ አሰበች እንጂ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ጉባኤያችሁ ከግቢው በር ውጭ፣ በአጥቢያው አዳራሽ የሚካሄደውም ለዚህ ነው። አንዳንዶች በዚህ ቅር ሲሰኙ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ጥቅሙ ይበልጥብኛል። ሌሊት ነጠላውን አጣፍቶ በሩን አልፎ የሚወጣ ተማሪ ማንም ሳያስገድደው ወስኖ ነው። ዶርም ውስጥ ደግሞ ከሙስሊሙም ከፕሮቴስታንቱም ጓደኛው ጋር በሰላም ያድራል፤ የእርሱ ክርስትና እዚያ የሚታየው በአኗኗሩ ነው። ለአንደኛ ዓመቶች የምትሰጡት ቱቶሪያል ሃይማኖት ሳይለይ ለሁሉም ክፍት መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። አደራ፣ ይህ እንዳይቀር።

ጥምቀትን በጎንደር ያየ ሰው መቼም አይረሳውም። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ምንጣፍ እየጠቀለላችሁ፣ እንደገና እየሮጣችሁ ፊት ላይ የምታነጥፉት እናንተ ናችሁ። ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ይገባል። ጥር 13 ግን ምን እንደሚደረግ ስንት ሰው ያውቃል? የምንጣፉ ጭቃ ይታጠባል፣ የውኃ ፕላስቲክ ይለቀማል፣ የተዋሳችሁት ድምፅ ማጉያ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ማታ ደግሞ ለፈተና ይጠናል። መዘምራን ለመሆን የሚመዘገበው ብዙ ነው፤ በጥር 13 የሚገኘው ግን ጥቂት ነው። እነዚያ ጥቂቶች ዛሬ እዚህ አሉ፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ውጤት የሚለጠፍበት ወቅት ከሁሉ ይከብዳል። "ዋርኒንግ" የደረሰው አለ፤ "ዲስሚሳል" የደረሰው አለ። ወላጆች ልብ በሉልኝ፤ ልጃችሁ ይህ ሲደርስበት መጀመሪያ የሚፈራው እናንተን ነው። ስልኩን ይዘጋል፣ ከአልጋው አይወርድም፣ ጉባኤውንም ይሸሻል፤ ምክንያቱም ባለፈው ወር እዚያ መዝሙር ሲያወጣ የነበረ ሰው "ተባረረ" ሲባል መስማት ያሳፍረዋል። ጉባኤው በዚህ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ ብዙ ሰው አያውቀውም። የመሳፈሪያ ያዋጣሉ፤ ይቅርታ መጠየቂያ ማመልከቻ አብረው ይጽፋሉ፤ የማይሆን ከሆነም ሻንጣውን ይዘው መናኸሪያ ድረስ ይሸኙታል። ለአቀባበል መናኸሪያ መውረድ ቀላል ነው። ለዚህኛው ሽኝት መውረድ ግን ልብ ይጠይቃል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ወደ አብነት ትምህርት ቤቶች ትሄዳላችሁ። ጎንደር የአቋቋም አገር ናት፤ የበኣታ ምስክር ቤት ስሙ በመላው ቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው። የአብነት ተማሪው ግን ብርድና ረኃብ ችሎ፣ ስምንትና አሥር ሆኖ በአንድ ጎጆ ተጠጋግቶ የሚያድር ልጅ ነው። በዚህ አኗኗር እከክ ከገባ አንዱን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። በሽታው ከቆዳ ወደ ቆዳ ስለሚተላለፍ ሁሉም በአንድ ቀን ገላቸውን ታጥበው ከአንገት እስከ እግር ጣት ቅባቱን መቀባት አለባቸው፤ ልብሳቸውም በፈላ ውኃ መታጠብ አለበት። ደበሎ ግን አይቀቀልም። እሱን በፕላስቲክ አጥብቆ አስሮ ለቀናት ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ተባዩ ከሰው ገላ ተለይቶ ብዙ ቀን አይቆይምና። አንዲት የነርሲንግ ተማሪ በየፕላስቲኩ ላይ የልጆቹን ስም በማርከር ስትጽፍ አይቻታለሁ፤ እያንዳንዱ የራሱን ደበሎ መልሶ እንዲያገኝ። ደበሎው በጠፋበት ሌሊት ልጁ በምን እንደሚያድር አስባ ነው።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ መመለስ ግድ ነው። ቅባቱ ካልተደገመ፣ ያልታከመ አንድ ልጅ ከልመና ከተመለሰ፣ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። የመጀመሪያውን ቀን ብዙዎች ሄዱ፤ ፎቶም ተነሣ። በሁለተኛው ሳምንት የሄዱት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። ልጆቹን የፈወሱት ግን እነዚያ ናቸው። በሙያችንም በእምነታችንም ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላገኘሁም።

ስለ ክረምት ጥቂት ልበል። ግቢው ባዶ የሚሆንበት፣ አገልግሎት የሚቋረጥ የሚመስለን ወቅት ነው። ነገር ግን ይህ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የምናየው ሥራ ሥሩ ያለው ክረምት ላይ ነው። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በደርግ ዘመን፣ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ተብሎ በሚነቀፍበት ጊዜ፣ ትምህርት ሲዘጋ ወጣቶችን ወደ ዝዋይ ሐመረ ብርሃን ገዳም እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። እርሳቸው በሐምሌ 1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። ያስተማሯቸው ግን አልተበተኑም። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ሲወሰዱ በዚያ በረሃ ለጸሎት ይሰባሰቡ ነበር፤ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ ከዚያ ስብስብ የመጡ ናቸው። አስቡት፤ መምህራቸው ሞተዋል፣ ትምህርታቸው ተቋርጧል፣ መንግሥት ሊወድቅ ነው፣ የነገውን የሚያውቅ የለም። በዚያ መሃል ጉባኤ መሠረቱ።

እናንተ ደግሞ የምትወጡት በጾመ ሐዋርያት ነው። ሐዋርያት ወደ ዓለም ከመሰማራታቸው በፊት የጾሙትን ጾም ነው የምንጾመው፤ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ለድግሱ ዶሮ ያሰባችሁ እናቶች ትንሽ ታገሡን፤ በዚህ ጊዜ መሸኘት ለእነዚህ ልጆች መታደል ነው። የመውጫ ፈተናውንም አልፋችሁ እዚህ ደርሳችኋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የምትሄዱበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ጉባኤ የለውም። አንዱ ገጠር ጤና ጣቢያ ይመደባል፤ እዚያ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሦስት ሕፃናትና አንድ ያረጀ ከበሮ ሊሆን ይችላል። አንዷ ባንክ ትገባለች፤ ቅዳሜም ሥራ ነው። ብዙዎቻችሁ ደግሞ፣ ይህን ሳልናገር ብወርድ ሐቀኛ አልሆንም፣ ለጊዜው ሥራ አታገኙም። ዲግሪ ይዞ ቤት መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያሸማቅቅ አውቃለሁ። ያልተቀጠረ ተመራቂ ሰፈሩ አጥቢያ ላይ መታየት ያፍራል፤ "ምን ላይ ደረስክ?" የሚለውን ጥያቄ ሽሽት ቅዳሴውንም ይተዋል። አጥቢያችሁ እናንተን የሚፈልጋችሁ ደመወዛችሁን ቆጥሮ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሕፃናት መምህር ይፈልጋሉ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ቱቶሪያል ይፈልጋሉ፤ ሁለቱንም እዚህ ለምዳችሁታል።

ተቀጥራችሁ የምትሄዱ ደግሞ፣ ያልተቀጠረውን ጓደኛችሁን እንዳትረሱት። መጀመሪያ ደመወዝ በተከፈላችሁ ሳምንት ስልክ ደውሉለት። ካላነሣ ሌላ ቀን ደግማችሁ ደውሉ። አሁንም ካላነሣ ለቅርብ ዘመዱ ደውሉ። አብሮት በዶርም ያደረ ሰው ከዚህ ያነሰ ሊያደርግ አይገባም።

ለሦስተኛ ዓመት አገልጋዮች አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ ማታ ተመራቂዎቹ ሳይበተኑ መዝገባችሁ ላይ ሌላ ገጽ ክፈቱና ስማቸውን፣ ስልካቸውን፣ የሚሄዱበትን አጥቢያ ጻፉ። በጥቅምት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው ደውሉ፤ ንስሐ አባት አግኝተው እንደሆነም ጠይቁ። እኔም በበኩሌ ወደ ጤናው ዘርፍ ለምትሰማሩት ስልኬን ለአባላት ክፍል ሰጥቻለሁ።

እግዚአብሔር መውጣት መግባታችሁን ይባርክ። አሁን የምስክር ወረቀቱን አባቶቻችን ይሰጧችኋል።