ስለ መኪና ሞተር ዋና ዋና ክፍሎች
በዕድራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



እኛ መካኒክ አይደለንም። ዕድሜያችንን የጨረስነው በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ነው። ይሁን እንጂ የጥገና ደረሰኝ ስንመዘግብ ብዙ ዓመት ስለ ኖርን፣ ስሙን የማናውቀውን ዕቃ ሁሉ «ይሄ ደሞ ምንድን ነው?» እያልን ሾፌሮችን እየጠየቅን የሞተርን ነገር ከወረቀት ተማርን ማለት ይቻላል። አቃቂ ቃሊቲ እንደምታውቁት የከባድ መኪና አገር ነው፤ ከመካከላችን ሾፌር ወይም የሾፌር ዘመድ ያልሆነ ጥቂት ነው።

ለዚህ ንግግር ያነሣሣን ባለፈው ዓመት የደረሰ ጉዳይ ነው። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት እናታችን የቀራቸው ሀብት አንድ ሚኒባስ ነበር። መኪናው እየሞቀ ሲያስቸግር ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዱት፤ «ሞተሩ ይውረድ» ተባሉ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሊሸጡት ደላላ ጠርተው ነበር። ኋላ አንድ ሾፌር አባላችን ቢያየው፣ የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ኖሯል።

እንግዲህ ሞተር እሳት የሚነድበት ብረት ነው። ትልቁ አካል ብሎክ ይባላል። ውስጡ ሲሊንደር የሚባሉ ክብ ጉድጓዶች አሉ፤ በየጉድጓዱ አንድ ፒስተን ይወጣል፣ ይወርዳል። ከላይ እንደ ድስት ክዳን የሚገጠመው ቴስታታ ነው፤ አየር የሚያስገቡና ጢስ የሚያስወጡ ቫልቮች እዚያ ናቸው። በክዳኑና በድስቱ መካከል የምትገባው ስስ ነገር ጓርኒሲዮን ናት።

ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ሲወጣ ያምቃል፣ ሲቃጠል በኃይል ወደ ታች ይወረወራል፣ ተመልሶ ሲወጣ ጢሱን ያባርራል። ጉልበት የሚሰጠው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ በእኛ በጸሐፊዎቹ ዓይን አንድ ገቢና ሦስት ወጪ መሆኑ ነው። በቤንዚን ሞተር እሳቱን የሚጭረው ካንዴላ ነው። ናፍታ ካንዴላ አያስፈልገውም፤ አየር ብቻ ስቦ እጅግ አድርጎ ሲያምቀው አየሩ ይግላል፣ ናፍታው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር የሚለውጠው ከታች ያለው ጠማማ ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍት ነው። የብስክሌት መርገጫን አስቡ።

ሞተርን ቶሎ የሚገድለው ግን የውሃና የዘይት ጉድለት ነው። አቃቂ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን አምቆ ስለሚይዘው ነው ቶሎ የማይፈላው። ስለዚህ ክዳኑ ሲያረጅ በጨርቅ መወተፍ አይገባም። ሞተሩ እንደ ጋለ መክፈትማ ፊት ያቃጥላል! ከአዳማ ጭኖ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚመጣ መኪና ከ400 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ የተደበቀ ጉድለት ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ ይወጣል። ሙቀቱ እየታየ ከተነዳ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኗ ትቃጠላለች፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ያን ጊዜ የዘይት መለኪያው ሲመዘዝ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይዞ ይወጣል። ይሄኔ «ሞተሩ ይከፈት» ቢባል እውነት ነው።

ጢሱም ይናገራል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፋሻ የሚባሉት የፒስተን ቀለበቶች አልቀዋል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይቆም ነጭ ጢስ ውሃ ወደ እሳቱ መግባቱን ያመለክታል። ጥቁር ሲሆን ነዳጅ በዝቷል ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ልጆቻችን «ይሄ ሁሉ ቀረ እኮ» ይሉናል። እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ፒስተንም ካንዴላም የለው። በየደጃችን የቆሙት ግን አሁንም ዘይት የሚጠጡት ናቸው።

«ሞተር ይውረድ» ስትባሉ አስቀድሞ ኮምፕሬሽን ይለካ በሉ፤ በየሲሊንደሩ የተገኘው ቁጥር በወረቀት ይጻፍላችሁ። ደረሰኝ ላይ «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል ቃል አትቀበሉ፣ የዕቃው ስም ይጻፍ። የተለወጠውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ።

አሁን ግቢ ውስጥ የቆመውን ሚኒባስ ከፍተን እያንዳንዱን በእጅ እናሳያለን፤ እናቶች ወደ ፊት ቅረቡ።