የሃይማኖት ልዩነትና የጎረቤት ግዴታ

(በራዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ)



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታን ካለፈ በኋላ፣ አዲስ ዘመን ከመድረሱ በፊት ይፋግ የምትባለውን ከተማ ያገኛል። ዛሬ መኪናው ፈጥኖ ስለሚያልፋት ብዙዎቻችን ስሟን እንኳ ሳንጠይቅ እንሄዳለን። በቀድሞው ዘመን ግን ይፋግ እንዲሁ የምትታለፍ ስፍራ አልነበረችም። አሞሌ ጨው መገበያያ በነበረበት ጊዜ ከሰሜን የሚወርደው ነጋዴ ከቤጌምድርና ከጎጃም ሰው ጋር የሚገናኝባት፣ ስሟ በሩቅ የተሰማ ገበያ ነበረች። በገበያ ላይም ጨው ሻጩ ገዢውን ስለ ሚዛንና ስለ ዋጋ ይጠይቀዋል እንጂ ስለ ባሕርየ መለኮት አይመረምረውም። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር የሚነሣው ከዚህች የገበያ ከተማ ነው።

በ1853 ዓ.ም. ገደማ በይፋግ አንድ ሕፃን ተወለደ። ይህም ሕፃን ኋላ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ተብለው የታወቁት ሊቅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ወደ ምጥዋ ወርደው በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ነገር ግን የሚሲዮኑን ትምህርት ብቻ ይዘው አልቀሩም፤ የአገራቸውንም ሊቃውንት ተከትለው የቤተ ክህነቱን ትምህርት ተማሩ። የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው በ1889 ዓ.ም. በምንኩሉ ታተመ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ደግሞ ወደ ጀርመን አገር ተልከው በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የግዕዝና የአማርኛ መምህር ሆኑ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸውም ስማቸውን እስከ ዛሬ አቆይቶታል።

ይህን የሚያህል ሰው ግን በገዛ አገሩ በሰላም አልኖረም። የፈረንጅ ሃይማኖት ይዘሃል ተብለው ተከሰሱ፣ በቤተ ክህነት ፍርድ ፊት ቆሙ፣ ታሰሩም። በ1916 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ጥርጣሬው ጨርሶ አልለቀቃቸውም። ሁለቱን ትምህርት በአንድ ራስ ይዞ መኖር እንደ ወንጀል ተቆጠረባቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ፈጥኖ በከሳሾቹ ላይ እንዳይፈርድ እለምናለሁ። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለምና። በዚያው በጣና ዙሪያ፣ አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን መምህራን ምክር የሮማን ሃይማኖት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1622 በይፋ ተቀበሉ። ሕዝቡም በአዋጅ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በተገደደ ጊዜ አገሩ በጦርነት ታመሰ። ወንድም ከወንድሙ ጋር ከተላለቀ በኋላ ንጉሡ ራሳቸው በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብለው አወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰባኪ ሁሉ ያንን ደም የሚያስታውስ ሆነ። እንዲያውም የውጭው ሰው ከተባረረ በኋላ የገዛ ሊቃውንታችን ቅባትና ጸጋ፣ ተዋሕዶ እየተባባሉ እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ ማለት እስከ 1870 ዓ.ም. ድረስ ሲከራከሩ፣ አንዳንዴም ሲጋደሉ ኖረዋል። እንግዲህ ይህ ሕዝብ በሃይማኖቱ ጉዳይ የሚጠነቀቀው ብዙ ስለ ከፈለበት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት አገር፣ የክርስቲያን ወገኖቹ አብረው ሊሠሩ ይችላሉን? ብለን ብንጠይቅ መልሱ በሥራ የታየ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በአምስተርዳም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። በጥር ወር 1957 ዓ.ም. የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ከብዙ መቶ ዓመታት መለያየት በኋላ በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ማዕከላዊ ኮሚቴ እዚሁ አዲስ አበባ መጥቶ ተቀመጠ። በተከታዩም ዓመት ቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን አቋቋመች። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ የሰውን ነፍስ ከሥጋው ለይቶ ማገልገል እንደማይገባ የሚያስረዳ ደብዳቤ በውጭ ላሉት ረጂዎቿ ጻፈች። አንዱ ወገን ስለ ሌላው ምንም ቢያስብ፣ ሁለቱም ስለ ተራበ ሰው የደረሱበት አሳብ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ።

መከራም አገናኛቸው። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው በሐምሌ ወር የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተይዘው ተወሰዱና ተገደሉ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነው። በሕይወታቸው ሳሉ በሁለት መንበር ላይ ተለያይተው ያገለገሉ ሰዎች ሞታቸው በአንድ ወር፣ በአንድ እጅ ሆነ። ገዳዩ የዶግማቸውን ልዩነት አልጠየቀም።

ከዚህ ቀጥሎ የ1977 ዓ.ም. ረኀብ መጣ። ከይፋግና ከአዲስ ዘመን በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በእብናት በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ረኀብተኛ ተሰብስቦ ነበር። በሚያዝያ ወር ይህ ሕዝብ ወደ አገርህ ግባ ተብሎ በግድ ተበተነ፤ ጎጆውም ተቃጠለ። ትእዛዙን የጻፈ አንድ ሰው ነበር፣ ያስተላለፈ ሌላ ሰው ነበር፣ ቆሞ ያስፈጸመም ነበር። እነዚህ ሁሉ እንደ እኔና እንደ እናንተ የመንግሥት ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች እንደ ነበሩ መርሳት አይገባንም።

በዚያው በረኀቡ ዘመን የካቶሊክ ጽሕፈት ቤትና መካነ ኢየሱስ ከውጭ ረድኤት ድርጅቶቻቸው ጋር ሆነው እህሉን በአንድ አሠራር ለማደል ተስማሙ፤ ኋላም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተራድኦ ክፍል ከእነርሱ ጋር ቆመ። የዚህም ኅብረት ከሁሉ የሚደነቀው ሥራ በ1982 ዓ.ም. የታየው ነው። ጦርነቱ አገሩን ለሁለት ከፍሎት ሳለ፣ እህል የጫኑት መኪኖች ከአሰብ ተነሥተው በደሴ በኩል የውጊያውን መስመር ተሻግረው ወደ ትግራይ ገቡ። ሁለት የሚዋጉ ወገኖች መንገዱን የከፈቱት ለማን ነው? ብትሉ፣ ለአንዱ ሃይማኖት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልሆነም ነበር። ሦስቱ ወገኖች አብረው በመምጣታቸው ነው የታመኑት። ድር ቢያብር የሚባለው ምሳሌ እዚህ ላይ እውነት ሆነ።

አሁን ደግሞ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ትልልቆቹ ተናግሬ ስለ ራሴ ዝም ብል ቅንነት አይሆንምና አንድ ነገር ልናዘዝ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ፣ ወደ ራዲዮ ከመምጣቴ በፊት፣ በአንድ ወረዳ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን ጧት አንዲት እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ባልዋ ሌሊት ሞቶባታል። ሟቹ የፕሮቴስታንት አማኝ ስለ ነበረ በሰበካው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለመቀበር አልተቻለም፤ የእርሱም ወገኖች በዚያ አገር የመቃብር ቦታ አልነበራቸውም። መሥሪያ ቤቱ ቦታ እንዲሰጣት የሚጠይቅ ማመልከቻ አስጽፋ ይዛለች። እኔም ማመልከቻውን ተቀብዬ፣ በመዝገብ አግብቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ለሚመለከተው ክፍል ይቅረብ ብዬ ጻፍሁበት። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ አስተያየት እንዲሰጥበት ወደ ሌላ ላከው። በማግሥቱም ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞር ነበር። ሬሳው ግን እቤት ተኝቷል።

በመጨረሻ ነገሩን የፈጸሙት የዕድሩ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ በየዓመቱ ታቦት የሚያነግሡ ኦርቶዶክሳውያን ነበሩ። ዶማና አካፋቸውን ይዘው መጡና በሟቹ በገዛ ጓሮው ጥግ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ አስክሬኑን ተሸክመው ቀበሩት፤ ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን ከሚስቱ ጋር ተቀመጡ። ጸሎቱን የራሱ ወገኖች አደረሱ፤ ዕድርተኞቹም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ማንም ሃይማኖቱን አልለወጠም። ማንም ሃይማኖቱን አላፈረሰም። የእኔ ወረቀት ፊርማው ተሟልቶ ሲመለስ ሟቹ ከተቀበረ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር።

ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው የሚለውን አነጋገር ሁላችን እናውቀዋለን፤ በስብሰባም ላይ ደጋግመን እንለዋለን። እኔም ያን ጊዜ አውቀው ነበር። ነገር ግን የጋራ የተባለው አገር ምን እንደ ሆነ አላሰብሁበትም ነበር። አገር ማለት ሬሳ የሚያርፍበት አፈር ነው፤ የሚታደል ስንዴ ነው፤ የሚቀዳ ውሃ ነው። በእነዚህ ላይ ሰውን በሃይማኖቱ ከለየነው አነጋገሩ ከንቱ ድምፅ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ ሦስት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ።

መጀመሪያ፣ የመቃብርና የጸሎት ቦታ ጥያቄ ሞት ከመምጣቱ አስቀድሞ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የሰበካውን አስተዳዳሪ፣ የፕሮቴስታንቱን ሽማግሌና የካቶሊኩን ካህን በደኅና ጊዜ ጠርቶ አንድ ላይ ማነጋገር የአስተዳዳሪ ሥራ ነው። ሬሳ እቤት ተኝቶ የሚደረግ ክርክር ግን ፍርድ አይገኝበትም።

ሁለተኛ፣ ርዳታ ሲታደል ዝርዝሩ ስለ ችግር እንጂ ስለ ሃይማኖት አይጠይቅ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቁ ጊዜ ውሃው የገባበት ቤት የክርስቲያንም የእስላምም ነበረ። እንዲሁም ርዳታ የሚሰጠው ወገን በስንዴው ጆንያ ውስጥ ስብከት ደብቆ እንዳይሰጥ መጠበቅ ይገባል። የተራበን ሰው በእንጀራ አስጎምጅቶ ሃይማኖቱን ማስለወጥ፣ ሃይማኖትህን ካልለወጥህ አትቀበርም ከማለት የሚሻል አይደለም። የኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ቅሬታ በዚህ በኩል የሚሰማ ቅሬታ ነው።

ሦስተኛ፣ መተባበር ማለት መደባለቅ እንዳልሆነ ለሕዝቡ ማስረዳት ያስፈልጋል። በ1982 ዓ.ም. እነዚያ መኪኖች መስመሩን ሲያልፉ ካቶሊኩ ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክሱም ኦርቶዶክስ፣ ሉተራኑም ሉተራን ነበረ። ስለ ባሕርይና ስለ አካል ያለው ክርክር የሊቃውንት ነውና በጉባኤያቸው ይቀጥሉበት። ድኻው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ሊጠብቅ አይችልም።

የሰሜኑ ጦርነት ያደረሰውን ሁሉ ባየንበት በእኛ ዘመን ይህ ነገር የቀድሞ ታሪክ ብቻ ሆኖ አይቆጠርም። መንገድ ሲዘጋ የሚያስከፍተው፣ ሰው የሚያምነውና አብሮ የሚመጣ ወገን ነው። እንዲህ ያለው መታመን ደግሞ በችግር ቀን አይሸመትም፤ በሰላሙ ቀን በትንንሽ ሥራ ይጠራቀማል።

አለቃ ታዬ ሁለቱን ትምህርት በአንድ ራስ ይዘው በመኖራቸው ታሰሩ። ዛሬ ማንም ሁለቱን በአንድ ራስ ይያዝ አልልም፤ በአንድ መንደር ግን ልንይዛቸው ይቻለናል። ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታን አልፋችሁ ይፋግ ስትደርሱ፣ መኪናው ከማለፉ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ከተማይቱ ተመልከቱ። በማግሥቱም ወደ ጠረጴዛችሁ ስትመለሱ አንዲት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች እናት ማመልከቻ ይዛ ብትመጣ፣ ለሚመለከተው ይቅረብ ብላችሁ ከመጻፋችሁ አስቀድሞ ብድግ ብላችሁ አብራችሁ ሂዱ። የሚመለከተው እናንተን ነውና።