«እንዴት ነሽ?» ከሚለው ጥያቄ በኋላ
(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ጤናሽ ጥቂት ንገሪን» ብለውኛል። ስለ በሽታው ባጭሩ፣ ስለ ኑሮውና ስለ እናንተ ግን ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ለአራት ሰዓት፣ ደሜ እየወጣ በማሽን ታጥቦ ይመለሳል። ለዚህ ሲባል ግራ ክንዴ ላይ ደም ቅዳውና ደም መልሱ በቀዶ ሕክምና ተገናኝተዋል። እጃችሁን ብታሳርፉበት ሲነዝር ይሰማችኋል። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ክንድሽ ውስጥ ስልክ አለ እንዴ?» ብላኛለች።

ለአንድ ጊዜ እጥበት 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። ለእኔ በቀን የተፈቀደልኝ ግን ሾርባውም ሻዩም ተቆጥሮ ከአንድ ሊትር አይበልጥም። ሙዝ፣ ብርቱካንና ቲማቲም ፖታሲየም ስላላቸው በልክ ነው፤ ድንችም ተቀቅሎ ውሃው ተደፍቶ ነው የምበላው። ቡና ሲፈላ አቦሉን ግማሽ ስኒ እጠጣለሁ፤ ቶናና በረካው ላይ ወሬውን ብቻ እካፈላለሁ። ደግነቱ ወሬ በሊትር አይለካም!

በመጀመሪያው ዓመት ከእጥበቱ ይልቅ ያደከመኝ ለሰው መልስ መስጠት ነበር። ስልኩ ይጠራል፤ «እንዴት ነሽ? ለምን በሌላ ኩላሊት አይተካልሽም?» የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ለዚያ ግን ጤነኛና የሚስማማ ለጋሽ ከቤተሰብ ያስፈልጋል። ወንድሜ ሊሰጠኝ ቀርቦ የደም ዓይነቱ አልገጠመም። እህቴ ስኳር አለባት። ይህን ታሪክ በሳምንት አሥር ጊዜ መናገር፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ሰው ድንጋጤ ላይ «አይዞህ፣ አይዞሽ» እያሉ ጠያቂውን ማጽናናት፣ ምን ልበላችሁ፣ ሁለተኛ ሕመም ነው።

ስለዚህ መጻፍ ጀመርኩ። ግራ እጄ ከማሽኑ ጋር ስለሚያያዝ፣ በቀኝ አውራ ጣቴ ስልኬ ላይ በሳምንት አንድ ደብዳቤ እጽፍና በቴሌግራም ለ1987 ዓ.ም. ተመራቂዎች እልካለሁ። ስለ ሕመሜ አንድ አንቀጽ ብቻ፤ የቀረው ስለ ዕለት ኑሮ ነው። የሽንኩርት ዋጋ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰዎች እንዴት ትንፋሻችንን እንደምንይዝ። ከኬኔዲ ላይብረሪ ተባርረን ደረጃው ላይ ያጠናንበትን ማታም እያስታወስኩ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የመጡት መልሶች ሁሉ «እግዚአብሔር ይማርሽ» የሚሉ ነበሩ። አሜን፤ ምርቃቱን እፈልገዋለሁ። ነገር ግን ከምርቃት በኋላ ጨዋታው ይቆማል፤ አሜን ከተባለ ወዲያ ምን ይባላል? ሁለት የቅርብ ጓደኞቼ ደግሞ ጭራሽ ጠፉ። አንዷ ኋላ ላይ «የምለው ቢጠፋኝ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ የምጠብቀው የልጇን ሰርግ ወሬ ነበር።

ሁኔታውን የቀየሩት አንድ መምህራችን ናቸው። ደብዳቤዬን አሳትመው፣ በቀይ እስክሪብቶ አርመው፣ ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። «እዚህ ላይ ባለቤቱና ግሱ አልተስማሙም። ሦስተኛው አንቀጽ ረዝሟል። ቀጥዪ።» ማሽኑ ላይ ተኝቼ ብቻዬን ስስቅ ነርሷ ምን ነካሽ ብላ መጣች። በዚያ ሰዓት በሽተኛ አልነበርኩም፤ ዘንድሮም የምታረም ተማሪ ነበርኩ።

ያንን እርማት ለሁሉም አስተላለፍኩት። ከዚያ ወዲህ መልሶቹ ተለወጡ። ከዋሽንግተን አንዱ የሌሊት ፈረቃውን ይጽፍልኛል። ከዱባይ አንዷ ወጥ ያረረባትን ቀን። አንዲት የክፍላችን ልጅ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «እናቴም እጥበት ላይ ናት። ከእጥበት መልስ ለምን እንደምትቆጣ ያወቅኩት አንቺ ስለ ድካሙ ከጻፍሽ በኋላ ነው። አሁን ዝም ብዬ ብርድ ልብስ አለብሳታለሁ።» ይህን ካነበብኩ በኋላ ደብዳቤው ለእኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

አጠገቤ ባለው አልጋ ላይ ለሁለት ዓመት አብሮኝ የታጠበ ሰው ነበር። አንድ ሰኞ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ አገኘሁ። የዚያን ሳምንት ደብዳቤዬ ሦስት መስመር ነበር። ማንም «በርቺ» አላለኝም። እያንዳንዱ ያጣውን ሰው ስም ጽፎ ላከልኝ። ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ አራቱ ሰዓት አለቀ።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የታመመ ወዳጅ ካላችሁ «እንዴት ነህ?» ብላችሁ አታቁሙ። ቁርስ ምን በላህ በሉት፤ የራሳችሁንም ንገሩት። ያናደዳችሁን አለቃ፣ የተሰበረውን ቧንቧ። የእሱ ችግር ስለበለጠ የእናንተ ኑሮ ወሬ መሆኑ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ መምህሮቻችን ሆይ፣ የታመመ ተማሪ ሲኖራችሁ ከማዘናችሁ ጋር የትምህርቱንም ማስታወሻ ላኩለት። የሚችለውን ይሥራ፤ የሠራውንም አርሙለት። ተመልሶ እንደምትጠብቁት በዚያ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ የደም ግፊትና ስኳር ኩላሊትን ከሚያደክሙ ምክንያቶች ዋናዎቹ ናቸው። የኩላሊት ሕመም ደግሞ እስኪብስ ድረስ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ግፊታችሁን ተለኩ፤ ሐኪማችሁንም የክሬአቲኒንና የሽንት ምርመራ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ። ዕድሜያችን ደርሷል፣ እናንተዬ! ሰላሳ ዓመት አለፈን እኮ።

በመጨረሻ፣ ለሕክምናዬ ያዋጣችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ገንዘቡ ማሽኑ ላይ አስቀምጦኛል፤ መልሳችሁ ደግሞ እዚያ ሆኜ የምጠብቀው ነገር ሰጥቶኛል። ነገ ሰኞ ነው፤ ስለ ዛሬው ቀን እጽፋለሁ። ዛሬ ማን እንደወፈረ፣ ማን እንደሸበተ በሙሉ ይገባበታል። ቅሬታ ያለው መልስ ይጻፍልኝ።