የዋጋ ማወዳደሪያ ስሕተትና የእኛ ጥንቃቄ
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በኢንተርኔት ላይ ስላሉት የዋጋ ማወዳደሪያ ገጾች ነው። «ይኼ ደግሞ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ማኅበራችን ለአዳራሹ የሚሆን የድምፅ ማጉያ አሜሪካ ባሉት ልጆቻችን በኩል ለማስገዛት ገንዘብ እያሰባሰበ ስለሆነ፣ ነገሩ የሁላችንም ነው።

አምና የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አንዲት ጎረቤታችን ጁስ እየሸጠች ልጆቿን ለማሳደግ አስባ፣ የዕቁብ ብሯን አውጥታ፣ አሜሪካ ያለው የወንድሟ ልጅ መፍጫ እንዲገዛላት አደረገች። ልጁም በማወዳደሪያው ገጽ ላይ «220–240 ቮልት» የሚለውን አይቶ፣ ከተዘረዘሩት ሻጮች ርካሹን መርጦ ገዛ። መፍጫው በሰው እጅ መጣ። ሶኬት ላይ ሲሰካ ጥቂት አጓራና ጭስ በጭስ ሆነ፤ ለካ የ120 ቮልት ኖሯል! የሞዴሉ ቁጥር ከመጨረሻዋ አንዲት ፊደል በቀር አንድ ዓይነት ነበር። ሻጩ ቢጠየቅ «እኔ በራሴ ገጽ 120 ብዬ ጽፌአለሁ» አለ። ማወዳደሪያው ደግሞ «ዝርዝሩን የሚልኩልን ሻጮች ናቸው» አለ። መመለሻው ቀንም አልፎ ነበር። ኪሳራው የእሷው ሆኖ ቀረ።

ለመሆኑ ስሕተቱ ከየት ይመጣል? የማወዳደሪያው ገጽ ሱቅም መጋዘንም የለውም። ሻጮች የዕቃቸውን ስም፣ ዋጋና ቁጥር በዝርዝር ይልኩለታል፤ ኮምፒዩተሩም የአንድ ዕቃ ናቸው ያላቸውን በአንድ ሥዕል ሥር ይሰበስባል። ዋናው መለያ በካርቶኑ ላይ ያለው የባርኮድ ቁጥር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም 13 አሐዝ አለው። የመጨረሻው አሐዝ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ በጽሕፈት የተሳሳተን ቁጥር ብዙ ጊዜ ያጋልጣል። ነገር ግን ሻጩ የሌላ ዕቃ ትክክለኛ ቁጥር ቢያስገባ፣ ስሌቱ ልክ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። ቁጥር ከሌለም ኮምፒዩተሩ በስም መመሳሰል ይገምታል። አሮጌው ታድሶ ከአዲሱ ጋር፣ የአንዱ ፍሬ ዋጋ ከደርዘኑ ጋር የሚደባለቀው በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋውም ቢሆን የትናንት ሊሆን ይችላል።

ኮምፒዩተር አይሳሳትም የምትሉ ካላችሁ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2011 እ.ኤ.አ. በአማዞን ላይ ሁለት ሻጮች አንዱ የሌላውን ዋጋ እየተከተለ ዋጋ የሚተምን ፕሮግራም ስለነበራቸው፣ ስለ ዝንብ ዕድገት የተጻፈ አንድ የሳይንስ መጽሐፍ ዋጋው ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ሰው ቢያየው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን በሳቀበት ነበር።

እንግዲህ «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እንደሚባለው እንዳይሆንብን፣ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የሞዴሉ ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል ተጽፎ ይላክ፤ «እንደ እገሌ ዓይነት» ማለት አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ገዢው ከማወዳደሪያው አልፎ የሻጩን የራሱን ገጽ ያንብብ፤ ከተቻለም የአምራቹን።

ሦስተኛ፣ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ስለዚህ በዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ፎቶ ተነሥቶ ይላክልን፤ ዕቃው እዚህ ሲደርስም ሶኬት ከመንካታችን በፊት እናንብበው።

አራተኛ፣ የማጓጓዣውና የቀረጡ ሒሳብ ተደምሮ ይታይ። ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ የሚወደደው እዚያ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ገጹ በተገዛበት ዕለት እንዳለ ፎቶ ተነሥቶ ይቀመጥ፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃችን እሱ ነው።

የድምፅ ማጉያው ዝርዝር በዚህ ሰሌዳ ላይ ለሁለት ሳምንት ሳይለጠፍና ሳይታይ ገንዘብ እንዳይላክ ለኮሚቴው ሐሳብ አቀርባለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነውና፣ ሁለት ሳምንት ብንዘገይ ማንም አይጎዳም። ለጎረቤታችንም ቢሆን፣ መፍጫው ሞተሩ ተጠቅልሎ ሊሠራ ይችል እንደሆነ ሙያው ያላችሁ ልጆች ብታዩላት ትልቅ ውለታ ነው።